መሪ ሲዞር የሚንኳኳው የቱ ነው? ሲቪ፣ ቦል ጆይንት፣ የሾክ አናት ወይስ ሊንክ

የግቢያችን ዘበኛ መኪናዬን በድምጿ ነበር የሚያውቃት። ከአስፋልቱ ወደ ግቢው ለመግባት መሪዬን ወደ ግራ ስሰብር ከፊት በኩል «ድው» ትላለች። እሱ ገና ሳያየኝ በሩን ይከፍታል። «ጋሼ፣ እርስዎ መሆንዎን እኮ በድምጿ ነው የምለየው» አለኝ አንድ ቀን። ስቄ አለፍኩ። ሲያድር ግን ከነከነኝ።

ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ አንድ ዙር ነድቶ ተመለሰና «ሾኩ አልቋል፣ ሁለቱም ይቀየር» አለ። ተቀየረ። የሁለት አዲስ ሾክና የእጅ ዋጋ ከፍዬ እፎይ ብዬ ወደ ቤት ነዳሁ። መታጠፊያው ላይ ስደርስ መሪዬን ሰበርኩ። ድው። በሩም ተከፈተ።

ሁለተኛው መካኒክ ጭራሽ አልነዳትም። መሪው ላይ አስቀመጠኝና «ቀስ አድርገው ያዙሩት» አለኝ። እሱ በፊት ጎማው በላይ እጁን አስገብቶ ሞላውን በመዳፉ ነካ። ትንሽ ቆይቶ ቦታ ተቀያየርን። «አሁን እርስዎ ይንኩት። ጣትዎን ብቻ በቀለበቶቹ መሃል አያስገቡ» አለ። መዳፌን አሳረፍኩ። መሪው መዞር ሲጀምር ምንም የለም። ሞላው እንደሚጠመዘዝ ልብስ ቀስ በቀስ ይወጠራል። ከዚያ በድንገት መዳፌ ስር ዘለለ። ድው።

የብዙዎቻችን የቤት መኪና ከፊት የተገጠመለት ማክፈርሰን የሚባለው ዓይነት ነው። ሾኩና ሞላው ተጣምረው እንደ አንድ ምሰሶ ይቆማሉ። መሪ ሲዞር ምሰሶው በሙሉ አብሮ ይዞራል። አናቱ ላይ በመኪናው አካል ላይ የታሰረ ወፍራም ጎማ አለ። ከሥሩ ደግሞ ጠፍጣፋ ኩሽኔታ። ምሰሶው የሚዞረው በዚህ ኩሽኔታ ነው። አቧራና ውሃ ገብቶ ኩሽኔታው ሲነክስ ሞላው እንደልቡ መዞር ያቅተዋል። ስለዚህ ይጠመዘዛል፣ መያዝ ሲያቅተው ይለቅና ይዘላል። የመጀመሪያው ጋራዥ አዲሶቹን ሾኮች የገጠመው ከአሮጌው አናት ጋር ነበር። ሾኮቹ አዲስ ናቸው፣ የሚጮኸው ግን አሮጌው ነው። አናቱ በተቀየረ ቀን በሩ ላይ ቆሜ ክላክስ ማድረግ ነበረብኝ።

ከዚያ ወዲህ ጓደኞቼ «መኪናዬ ስትታጠፍ ትጮሃለች» ሲሉኝ «ምን ቀየርክ?» አልልም። «መቼ ነው የምትጮኸው?» ነው የምለው።

«የት» ሳይሆን «መቼ»

ድምጽ በብረት ላይ ይጓዛል። ከቀኝ ጎማ መጣ ብላችሁ የማላችሁበት ከግራው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጆሯችሁ በሚነግራችሁ ቦታ ላይ ብዙ አትመኑ። ጊዜው ግን አይዋሽም። መኪናዋ ቆማ ነው? መሪው ጥግ ደርሶ ቀስ ስትሉ ነው? ቀለበት መንገድ ላይ በፍጥነት ስትታጠፉ ነው? ወይስ ኮብልስቶን ላይ?

ከሁሉም በፊት ግን ኋላ ኮፈኑን ከፍታችሁ ባዶ አድርጉት። እየቀለድኩ አይደለም። ያልታሰረ ክሪክ በታጠፋችሁ ቁጥር ከጎን ወደ ጎን ተንሸራቶ ልክ እንደ መኪናዋ እግር፣ ማለትም እንደ ሾክና ክንዷ፣ ችግር ያንኳኳል። ቀጥሎ የጎማ ዳዶዎችን ፈትሹ። ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ የጀመረ ድምጽ ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ወርዳችሁ ፈትሹ። በአብዛኞቹ የቶዮታ የቤት መኪኖች የጎማ ዳዶ የሚጠብቀው በ103 ኒውተን ሜትር ነው። ላልቶ ሲገኝ በመታጠፊያ ላይ ያንቋቋል፣ ቆይቶም ብሎኑን ይበላዋል።

ቆማ የምትጮህ ከሆነ

እዚህ ተፎካካሪዎቹ ጥቂት ናቸው። መሪው ሲዞር ልክ እንደኔዋ የሚዘል «ድው» ካለ የሾክ አናት ነው። ከጎማው ሥር እንደ አሮጌ በር «ሲጢጥ» የሚል ከሆነ ቦል ጆይንቱ፣ ማለትም ጎማውን ከታችኛው ክንድ ጋር የሚያያይዘው ኳስ መሳይ መጋጠሚያ፣ ግራሶው ደርቆበት ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት አንድ ሰው መሪውን ያዙር። ሌላው መዳፉን አንዴ ሞላው ላይ፣ አንዴ የታችኛው ክንድ፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ብረት፣ ጫፍ ላይ ያሳርፍ። ንዝረቱ የበረታበት ቦታ ጥፋተኛው ነው። ለዚህ ከእጅ የተሻለ መሣሪያ የለም።

መሪው ጥግ ሲደርስ ብቻ «እእእ» ብሎ የሚያቃስት ከሆነ ደግሞ እግሩን አትጠርጥሩ። በዘይት የሚሠራ መሪ ጥግ ላይ ሲያዝ ፓምፑ ጫና ውስጥ ገብቶ እንዲህ ማለቱ ያለ ነው። ዘይቱን እዩ። ቤልቱን እዩ። ጥግ ላይም ይዛችሁ አትቆዩ።

ጣ ጣ ጣ ጣ

ይህ ድምጽ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ሰው የሌለበት ሜዳ ፈልጉ። መሪውን ጥግ ድረስ ሰብራችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። ከዚያ ትንሽ ነዳጅ ስጡ። «ጣ ጣ ጣ» ካለ፣ ፍጥነት ስትጨምሩም አብሮ ከፈጠነ፣ ሲቪ ጆይንት ነው፤ የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ መጋጠሚያ። ከጎማው ዙር ጋር እንዲህ የሚቆጥር ሌላ ነገር ብዙ የለም።

የውጪው ሲቪ ጆይንት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 6 የብረት ኳሶች አሉ። ኳሶቹ በቦዮች ውስጥ እየተንሸራተቱ ጎማው ታጥፎም እንዲነዳ ያደርጋሉ። አልፍሬድ ርዜፓ የተባለ የፎርድ መሐንዲስ እንደ ፈረንጆቹ በ1920ዎቹ የፈጠረው ነገር ነው፤ እስካሁን በመሠረቱ ያው ነው። ጠላቱ አንድ ነው፤ የሸፈነው ላስቲክ መቀደድ። ላስቲኩ ሲቀደድ ግራሶው ይረጫል፣ አቧራ ይገባል፣ ቦዮቹ ይቦረቦራሉ። ኳሶቹም መንሸራተት ትተው መዝለል ይጀምራሉ።

የትኛው ወገን እንደሆነ ብዙ ጊዜ የሚባለው «ወደ ግራ ስትታጠፍ ከጮኸ ቀኙ ነው» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ ግን ገንዘብ አታውጡበት። ጎማውን አዙራችሁ ከቸርኬው ውስጠኛ ገጽ እዩ። ጥቁር ግራሶ ተረጭቶበት ካያችሁ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። የያዛችሁት ዲኤክስ ከሆነ ይህን ክፍል ዝለሉት። ያቺን አሮጌ ኮሮላ የሚገፋት የኋላ ጎማ ነው። ከፊት ሲቪ ጆይንት የላትም። «የዲኤክስህ ሲቪ አልቋል» ያላችሁ ሰው ካለ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ኮብልስቶን ላይ፣ ሊንክ ወይስ ቦል ጆይንት

ጆሮ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው። የሚያስፈራውም እዚህ ነው። ሁለቱም «ቋ ቋ» ይላሉ። ሁለቱም ስትታጠፉ ይብሳሉ። አንዱ ለወራት የሚታገስ ነው። ሌላው ጎማ ይነቅላል።

ሊንክ የምንለው የስታቢላይዘሩን ብረት ከሾኩ ወይም ከክንዱ ጋር የሚያያይዘው አጭር ዘንግ ነው። ስታቢላይዘሩ የሚሠራው ግራና ቀኝ ጎማ እኩል ሳይሆኑ ሲቀሩ ነው። አንዱ ሲነሳ ሌላው ሲወርድ ብረቱ ይጠመዘዛል፤ ያኔ የላላው ሊንክ ይንኳኳል። ሁለቱም ጎማ እኩል ሲነሱ ግን ብረቱ አብሮ ይነሳል እንጂ አይጠመዘዝም። መፈተኛው ከዚህ ይመጣል። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ቀጥ ብላችሁ፣ ሁለቱን ጎማ እኩል አውጡ። ከዚያ ዞራችሁ ያንኑ ጉብታ ሰያፍ፣ አንድ በአንድ ጎማ ውጡት። ቀጥ ስትሉ ዝም ብላ፣ ሰያፍ ስትወጡ «ቋ ቋ» ካለች ጣታችሁን ወደ ሊንኩ ቀስሩ።

ቦል ጆይንት ሲሆን ይህ ልዩነት ብዙም አይታይም። ቀጥ ብትሉም ሰያፍ ብትወጡም ያንኳኳል። ፍሬን ስትይዙም አንዳንዴ አንዴ «ቋ» ይላል። መሪው ቀጥታ መንገድ ላይ ይቅበዘበዛል፣ ጎማው በአንድ ጎን ይበላል። ማረጋገጫው ግን መንገድ ላይ ሳይሆን ከሥር ነው። መኪናዋን በአካሏ አንሱና ጎማው እንዲንጠለጠል አድርጉ። ክሪክ ብቻውን አይበቃም፤ ማቆሚያ ሳታስገቡ ከሥር አትግቡ። ከዚያ በክንዱና በጎማው ማያያዣ መሃል ጠንካራ ብረት አስገብታችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ፈልቅቁት። ደህና ቦል ጆይንት ንቅንቅ አይልም። በዓይን የሚታይ ክፍተት ካለ መኪናዋ እዚያው ትደር።

ታይሮድም፣ ማለትም የመሪ ሳጥኑን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ፣ በዚሁ አጋጣሚ ይታያል። ጎማውን ግራና ቀኝ ይዛችሁ ነቅንቁ። ከላይና ከታች ይዛችሁም ነቅንቁ። ግራና ቀኝ ብቻ የሚላላ ከሆነ ታይሮዱን ወይም የመሪ ሳጥኑን ጠርጥሩ። በሁሉም አቅጣጫ ከላላ ኩሽኔታው ነው።

የክንድ ጎሚኒ፣ ማለትም ቡሽ፣ ሲቀደድ ድምጹ ደፈን ያለ ነው። «ቋ» ሳይሆን «ዱብ»። ከደረቀ ደግሞ «ሲጢጥ» ይላል። ሲጢጥታው የትኛው ጎሚኒ ላይ እንደሆነ ለማወቅ የሳሙና ውሃ አንድ በአንድ አፍስሱ። ውሃው ሲነካው ለጊዜው ዝም ያለው እሱ ነው። የተቃጠለ ዘይት የሚያፈሱ ጋራዦች አሉ። ለሳምንት ዝም ያሰኛል፣ ከዚያ ጎሚኒውን አሳብጦ ይጨርሰዋል። የግድ መቀባት ካለበት ሲሊኮን ይሁን።

እምምም

እንደ ንብ ቀፎ እያጉረመረመ ከፍጥነቱ ጋር የሚጨምር ድምጽ ሁለት ባለቤት ሊኖረው ይችላል። አንዱ የጎማ ኩሽኔታ ነው፣ ሌላው እኩል ያልተበላ ጎማ። አስፋልቱ ሲቀየር ድምጹ ከተቀየረ ጎማው ነው። በኩርባ ላይ ከተቀየረ ኩሽኔታው ነው። ወደ ግራ ስትታጠፉ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማ ይሄዳል፤ ያኔ ከጮኸ ቀኙን ፈትሹ። ጎማው ተነስቶ በእጅ እየተሽከረከረ ሌላውን እጃችሁን ሞላው ላይ ብታሳርፉ፣ የተበላሸው ኩሽኔታ እንደ አሸዋ ሲፈጭ ይሰማችኋል።

ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ቢበቃ

አብዛኞቻችን ሁሉንም ባንድ ጊዜ አንቀይርም። እኔ እንዲህ ነው የማስቀድመው።

ቦል ጆይንትና ታይሮድ ቀጠሮ የላቸውም። ቦል ጆይንት ሲወልቅ ጎማው ከሥር ይከዳል፣ መሪውም አይታዘዝም። መንገድ ዳር አንድ እግሯ ተገልብጦ የቆመች መኪና አይታችሁ ከሆነ ታሪኩ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ከነሱ ቀጥሎ የጎማ ኩሽኔታ። ካጉረመረመ በኋላ ከተማ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ሊታገስ ይችላል፤ ረጅም መንገድ ግን አትውጡበት። ሲቪ ጆይንት «ጣ ጣ» ማለት ከጀመረ በኋላም ይሰነብታል፤ ሲሰበር ግን መኪናዋ ባለችበት ትቆማለች። የሾክ አናትና ሊንክ ደመወዝ ሊጠብቁ ይችላሉ። የሚያበሳጩት ጆሮን ነው።

ይህን ቅደም ተከተል የጻፍኩት ብዙ ሰው ተቃራኒውን ሲያደርግ ስላየሁ ነው። ሊንክ ርካሽ ስለሆነ መጀመሪያ እሱ ይቀየራል። ድምጹ ትንሽ ይቀንሳል። ቦል ጆይንቱ ይረሳል።

ይጠገን ወይስ ይቀየር

ሲቪ ላይ መልሱ በድምጹ ይወሰናል። ላስቲኩ ተቀዶ ገና ካልጮኸ ፈትታችሁ አጥባችሁ፣ የሲቪ ግራሶ ሞልታችሁ አዲስ ላስቲክ አልብሱት። ርካሽ ነው፤ ዕድሜም ይሰጣል። «ጣ ጣ» ማለት ከጀመረ ግን ግራሶ የተቦረቦረ ብረት አይሞላም። ጆይንቱ ይቀየር።

ቦል ጆይንት ላይ የሚወስነው መኪናው ነው። በብዙ ኮሮላዎች ላይ በብሎንና በዳዶ የታሰረ ስለሆነ ለብቻው ይወልቃል። ሌሎች መኪኖች ላይ ከክንዱ ጋር አንድ ሆኖ ወይም በፕሬስ ተጨቁኖ ነው የሚገባው። እንዲህ ከሆነና ጎሚኒዎቹም ከተሰነጠቁ፣ ሙሉ ክንዱን ግዙ። ሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ ከመክፈል ይሻላል። በመዶሻ እየተቀጠቀጠ የሚገባ ቦል ጆይንት ግን አልወድም።

ሾክና የሾክ አናት በሁለቱም ወገን ይቀየር። ሊንክም ብትችሉ። ሲቪና ኩሽኔታ የተበላሸው ብቻ ይበቃል።

አሁን ወደ ዘላለማዊው ክርክር። ያገለገለ ኦሪጅናል ይሻላል ወይስ አዲስ ቻይና? ሶማሌ ተራ፣ የመኪና መለዋወጫ ገበያው ውስጥ፣ አንድ ሱቅ በር ላይ ቆማችሁ ብትጠይቁ ግማሹ ይህን፣ ግማሹ ያን ይላችኋል። ለእኔ መልሱ በዕቃው ይለያያል። ሲቪ ከሆነ ላስቲኩ ያልተቀደደ ያገለገለ ኦሪጅናል እመርጣለሁ። በእጃችሁ አጥፋችሁ አዙሩት፤ ሳይነክስና ሳይላላ መዞር አለበት። ቦል ጆይንት፣ ታይሮድና ጎሚኒ ያለበት ነገር ሁሉ ግን ያገለገለ በነጻ ቢሰጡኝም አልገጥምም። የጎሚኒ ዕድሜ ውጭውን በማየት አይታወቅም። ሊንክ አዲስ ርካሹ ያስኬዳል፤ ቢያልቅም ገዳይ አይደለም። በቦል ጆይንትና በታይሮድ የጃፓኑ 555፣ በሾክ ካያባ፣ በኩሽኔታ ኮዮና ኤንኤስኬ የታወቁ ናቸው። አስመስሎ የሚሠራባቸውም እነሱኑ ነው። ዋጋው በጣም ከወረደ ካርቶኑን አትመኑ።

የኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ ደግሞ አትደንግጡ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ሲከለከል ብዙዎች ወደዚያ ገብተዋል። ሞተሩ ዝም ስለሚል ድሮ የማይሰማ ትንሽ ኳኳታ ሁሉ ይሰማል። በሌላ በኩል ባትሪው ከባድ ነው፣ ጎሚኒና ቦል ጆይንት ላይ ጫናው ይበዛል። ፈተናዎቹ ግን ያው ናቸው።

ጋራዥ ውስጥ ቆማችሁ የምታዩት

ሦስት ነገር ስትለምኑ የመካኒኮቹ ፊት ሊጠቁር ይችላል፤ እናንተ ግን ለምኑ። የክንዱ ጎሚኒ ብሎኖች የመጨረሻ መጥበቂያ መኪናዋ በጎማዋ መሬት ላይ ከቆመች በኋላ ይሁን። ተንጠልጥላ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀርና በጥቂት ወራት ይቀደዳል። ብዙ አዲስ ጎሚኒ የሚያልቀው በዚህ ነው፤ ጥፋቱ ግን «ቻይና ስለሆነ» ተብሎ ይታለፋል።

ኩሽኔታ ሲገባ አንዱ ፊቱ ማግኔት ያለው ዓይነት ከሆነ አቅጣጫው ይታይ። ተገልብጦ ከገባ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) መብራት ይበራል፣ ሥራውም እንደገና ነው። ታይሮድ ወይም ክንድ ከተነካ ደግሞ በዚያው ቀን አላይመንት፣ ማለትም የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ፣ አስደርጉ።

አሮጌውን ዕቃም ተቀበሉ። በእጃችሁ ነቅንቁት። የወጣው ቦል ጆይንት ጠንካራ ከሆነ፣ ሲቪውም ያለ እንከን ከታጠፈ፣ ድምጹ ገና አልወጣም ማለት ነው። ከጋራዡ ሳትወጡ ያንኑ ጉብታ ሰያፍ ውጡት።